መግለጫው ብቻ ሳይሆን መዝገቡ ይታረም

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፣

የአያቱ ፎቶግራፍ በከተማው ሙዚየም በሌላ ሰው ስም ተሰቅሎ ያገኘ ቤተሰብ አብዛኛውን ጊዜ አስጎብኚውን ተቆጥቶ ይወጣል። አስጎብኚው ግን መዝገብ የማረም ሥልጣን የለውም። ቢተባበር እንኳ ከመስታወቱ ሥር ያለችውን የመግለጫ ወረቀት ይለውጥ ይሆናል፤ ዕቃው ወደ ሙዚየሙ ሲገባ የተጻፈበት የገቢ መዝገብና የዕቃው ካርድ እንደነበሩ ይቀራሉ። ትርኢቱ ሲታደስ ጽሑፉ እንደገና ከካርዱ ይገለበጣል፣ ስህተቱም ይመለሳል። መዝገቡ ወደ ኮምፒውተር የገባ ከሆነ ደግሞ አብሮ ገብቷል። ስለዚህ በመጀመሪያ መጠየቅ ያለበት የዕቃው መለያ ቁጥር ነው። ቁጥሩ ከዕቃው ጀርባ ወይም ግርጌ ላይ ይገኛል፤ ካልታየ መዝጋቢው ከካርዱ ያወጣዋል። መግለጫውን ቃል በቃል ገልብጡ፣ ያያችሁበትን ቀንም ጻፉ።

ስህተቱ ከየት እንደመጣ ማወቅ ግማሽ እርማት ነው። “ካሳ ኃይሉ” የሚል ካርድ ቢገኝ የማን ነው? ዐፄ ቴዎድሮስ ከመንገሣቸው በፊት ካሳ ኃይሉ ነበሩ፤ በማይጨው ጦርነት ዘመን የነበሩት ራስም ካሳ ኃይሉ ናቸው። ራስ ካሳን ለመለየት “ዳርጌ” ሲጨመር ደግሞ ሦስተኛው ስም የአባታቸው አባት አይደለም፤ ራስ ዳርጌ የእናታቸው አባት ናቸው። በታወቁት ሰዎች ላይ እንዲህ ከሆነ በአንድ ወረዳ ባላምባራስ ላይ የሚደርሰውን መገመት አያዳግትም። ጦረኛ በፈረሱ የሚጠራበት የፈረስ ስምም እንዲሁ ነው። አባ መላ ፊታውራሪ ሀብተ ጊዮርጊስ፣ አባ ነፍሶ ደጃዝማች ባልቻ መሆናቸውን ሁሉም ያውቃል። ባልታወቀ ሰው ካርድ ላይ ግን የፈረሱ ስም የአባት ስም ሆኖ ይገባል፣ ወይም “አባ” የሚለውን ያየ መዝጋቢ ጦረኛውን መነኩሴ ያደርገዋል። አንዱ ሰው ግራዝማች ሳለና ቀኛዝማች ከሆነ በኋላ በሁለት ካርድ የተመዘገበበትም አለ። በሴቶች ላይ የባል ስም በአባት ስም ቦታ ይጻፋል። ካርድ ስትፈልጉ “ኃይሌ”ን በሀ፣ በሐና በኀ ሦስቱም ዘንድ እዩ።

ከሁሉ የሚከፋው ዓመት ነው። በኛና በፈረንጅ አቆጣጠር መካከል ያለው ልዩነት ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ 22 ገደማ 7፣ ከዚያ እስከ ጳጉሜን 8 ዓመት ነው። ሁልጊዜ 7 የሚደምር ሰው የካቲት 12 ቀን 1929 ዓ.ም.ን ወደ 1936 ያዞረዋል፤ ያን ጊዜ ጣሊያን ገና አዲስ አበባ አልገባም። ትክክሉ 1937 ነው። ያ 1937 “እ.ኤ.አ.” ሳይባልበት በካርድ ላይ ከሰፈረ ደግሞ ቀጣዩ አንባቢ ዓመተ ምሕረት ነው ብሎ ይወስደዋል፤ በጠላት ዘመን የወደቀው አርበኛም ከ1933ቱ ድል 4 ዓመት ቆይቶ የሞተ ይሆናል። ዓመቱ የሚጠራበት ወንጌላዊ ስም የተጻፈበት ሰነድ ካላችሁ መመርመሪያው ቀላል ነው፤ በዓመተ ምሕረቱ ላይ 5500 ደምሩና ለ4 አካፍሉ። ቀሪው 1 ከሆነ ማቴዎስ፣ 2 ማርቆስ፣ 3 ሉቃስ፣ ያለ ቀሪ ከደረሰ ዮሐንስ ነው። 1929 ማቴዎስ ነው፤ “በዘመነ ሉቃስ” የሚል ደብዳቤ በ1929 ከተመዘገበ ከሁለቱ አንዱ ስህተት ነው፣ ቅርብ ያሉት የሉቃስ ዓመታት 1927 እና 1931 ናቸውና።

በማስረጃ በኩል ብልጫ ያለው በጊዜው የተጻፈ ነው፤ ማኅተም ያለበት የሹመት ደብዳቤ፣ የግብር ደረሰኝ፣ የውርስ ፍርድ፣ የመቃብር ድንጋይ ጽሑፍ። የቤተ ክርስቲያን ብራናዎች ኅዳግም አይዘንጋ፤ የርስት ሽያጭና ስጦታ የምስክሮች ስም ከነማዕረጋቸው ተዘርዝሮ ይገኝበታል። የቃል ምስክርነት ሲሆን ፎቶግራፉን ያለ ስም አሳዩና “ይህ ማነው?” ብላችሁ ጠይቁ። “ይህ እከሌ ነው አይደል?” ካላችሁ ምስክርነቱ የእናንተው ነው። ከአባትም ከእናትም ወገን አንድ አንድ ሽማግሌ፣ ለየብቻ ጠይቁ፤ ዕድሜያቸውን፣ ዝምድናቸውንና ከማን እንደሰሙ መዝግቡ።

ማመልከቻው ከአንድ ገጽ አይብለጥ። መለያ ቁጥሩ፣ በመዝገቡ የተጻፈው፣ መሆን የሚገባው፣ ማስረጃው፤ ይበቃል። የአያት ገድል አያስፈልገውም፣ ዋናውን ነጥብ ይሸፍነዋል። በሁለት ቅጂ አዘጋጁና አንዱ ላይ የመዝገብ ቤቱን ማኅተም፣ ቁጥርና ቀን አስደርጉ። ሰነዱን በፎቶ ኮፒ ስጡ፣ ዋናውን ለማመሳከር ብቻ አሳዩ። ዋናውን በላስቲክ አታስለብጡ፤ በፎቶግራፍ ጀርባ መጻፍ ካለባችሁም በለስላሳ እርሳስ ከዳር ይሁን፣ በእስክሪብቶ አይሁን።

ሙዚየሞችም የድሮውን ንባብ በነጭ ቀለም ባያጠፉት እንለምናለን። በአንድ መስመር ተሰርዞ ትክክለኛው ከጎኑ ይጻፍ፤ ያረመው ሰው ፊርማ፣ ቀኑና የማስረጃው ቁጥር ይከተል። ሁለት የቤተሰብ ወገኖች ካልተስማሙ ሁለቱም ቃል ከነተናጋሪው ይመዝገብ። ከግራዝማችነት ያላለፈውን አያት ደጃዝማች ማድረግ፣ ወይም ለጣሊያን ማደሩ በሰነድ የታወቀን ሰው ከመዝገብ ማስፋቅ ግን እርማት አይደለም፤ የሚጠይቅ ቤተሰብ ቢመጣ መዝጋቢው እምቢ ማለት አለበት።

መልሱ በጽሑፍ ሲደርሳችሁ የታረመውን ካርድ ፎቶ ኮፒ ጠይቁና ከማመልከቻችሁ ጋር አያይዙት። ትርኢቱ በተቀየረ ጊዜ ሄዳችሁ አዲሱን መግለጫ ከእሱ ጋር አስተያዩ።

ከአክብሮት ጋር
አንባቢያችሁ