«ባደረበት ሕመም» አይደለም

ለተከበሩ የጋዜጣው አዘጋጅ፣

ባለፈው ሳምንት የባህል ገጻችሁ ላይ ስለ ተዋናዩ ኢያን ቻርልሰን የወጣውን ጽሑፍ ሁለት ጊዜ አነበብኩት። መጀመሪያ ደስ ብሎኝ፣ ሁለተኛ ተናድጄ። ደስ ያለኝ ስሙን በእኛ ጋዜጣ አያለሁ ብዬ ስላልጠበቅኩ ነው። ያናደደኝ የመጨረሻው ዓረፍተ ነገር ነው። «ባደረበት ሕመም በሕክምና ሲረዳ ቆይቶ በ40 ዓመቱ ከዚህ ዓለም በሞት ተለይቷል» ይላል። እመለስበታለሁ። መጀመሪያ ትንንሾቹን ልጨርስ።

ሰውየው እንግሊዛዊ አይደለም፣ ስኮትላንዳዊ ነው። በነሐሴ 1949 ኤድንብራ ተወለደ («በእኛ» ካላልኩ በቀር ቀኑንም ዓመቱንም በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጽፈው)። አባቱ የማተሚያ ቤት ሠራተኛ ነበሩ። እኛ ዘንድ ከብሪታንያ የመጣ ሁሉ «እንግሊዝ» እንደሚባል አውቃለሁ፤ እኔም ሳስተምር ስንት ጊዜ ብዬዋለሁ። ስኮትላንዳዊ ፊት ግን ይህን ያለ ሰው ጨዋታውን እዚያው ላይ አበላሸው ማለት ነው።

ሁለተኛው የመርከቡ ነገር ነው። ቻርልሰን ሯጩን ኤሪክ ሊድልን ሆኖ በተጫወተበት «ቻሪየትስ ኦፍ ፋየር» በተባለው ፊልም ላይ፣ በእምነቱ ምክንያት እሁድ የማይሮጠው ሊድል የኦሎምፒኩ 100 ሜትር ማጣሪያ እሁድ መሆኑን የሚሰማው ወደ ፈረንሳይ የሚወስደው መርከብ ላይ ሲሳፈር ነው። ጸሐፊያችሁ ይህንኑ እንደ ታሪክ ወስዶታል። ፊልም ነው እንጂ እውነቱ እንደዚያ አልነበረም። ሊድል ፕሮግራሙን ያወቀው ከወራት በፊት ነው። ጊዜ ስለነበረው ለ400 ሜትር ተዘጋጀ፤ ፓሪስ ላይ በ1924 በ47.6 ሰከንድ ወርቁን ወሰደ። ለእኔ እንዲያውም እውነተኛው ይበልጣል። በአንድ ሌሊት ድንጋጤ እምቢ ማለት አንድ ነገር ነው። ለወራት ስንት ሰው እየለመነ በእምቢታ መጽናት ሌላ ነው።

ፊልሙን ያየሁት በእኛ ሰማንያዎቹ መጀመሪያ፣ ሰፈራችን ቪዲዮ ቤት ውስጥ ነው። ካሴቱ ተሳስቶ የመጣ ይመስለኛል፤ ቤቱን የሞላው ሰው ካራቴ ለማየት ነበር የገባው። ማንም ግን አልወጣም። ሩጫ ነዋ! ሊድል «እሁድ አልሮጥም» ሲል ቤቱ ለሁለት ተከፈለ። «ካስቀደሰ በኋላ ቢሮጥ ምን አለበት?» አለ አንዱ ከኋላ። በር ላይ ገንዘብ የሚሰበስቡት እናት ገባ ብለው «ሰንበት ሰንበት ነው!» ሲሉ ጸጥ አለ። እስከ ዛሬ ታላቁ ሩጫ እሁድ ጠዋት ሲያልፍ እኚያ ሴትዮ ትዝ ይሉኛል።

እኔን የያዘኝ ግን የተዋናዩ ፊት ነው። ሊድል ሲሮጥ ጭንቅላቱን ወደ ኋላ ጥሎ፣ አፉን ከፍቶ፣ ሰማይ ሰማይ እያየ ነበር። ቻርልሰን ያንን መምሰል ነበረበት። ሞክሩት እስቲ፤ መንገዱ አይታይም። እሱም መቸገሩን በኋላ ተናግሯል። በኋላ የገባው ግን ሰውየው የሚሮጠው አምኖ መሆኑ ነው፤ የሚሄድበትን እንኳ አያይም። ለሥራው ሲል መጽሐፍ ቅዱስን አንብቧል። ሊድል ከሩጫ በኋላ ዝናብ ላይ ለቆሙት ሠራተኞች የሚናገረውን ንግግርም ራሱ ቻርልሰን ነው የጻፈው፤ መጀመሪያ የተሰጠው ጽሑፍ አልተዋጠለትም። እናንተ ይህን አላነሳችሁም። በፊልሙ ውስጥ ሰው ከሚያስታውሳቸው ንግግሮች ዋናው ግን እሱ ነው።

ያ ፊልም የ1981 ምርጥ ፊልም ተብሎ ኦስካር ወሰደ። በሚቀጥለው ዓመት ደግሞ «ጋንዲ» ወሰደ፤ እዚያም ቻርልሰን አለ፣ የጋንዲን ወዳጅ ቄስ ቻርሊ አንድሩስን ሆኖ። ሁለት ዓመት በተከታታይ! ሌላ ሰው ቢሆን ሆሊውድ ገብቶ ይቀር ነበር። እሱ ፊልም መሥራቱን ባይተውም ልቡ መድረክ ላይ ነበር። ዩኒቨርሲቲ የገባው የሕንፃ ንድፍ ሊማር ነው፤ ድራማው ሳበውና ትምህርቱን ቀየረ፣ ከዚያ ለንደን የትወና ትምህርት ቤት ገባ። በሮያል ሼክስፒር ኩባንያ የሼክስፒርን መንፈስ፣ ኤሪየልን ተጫወተ። በብሔራዊ ቴአትራቸው በ1982 ሙዚቃዊ ተውኔት ላይ ቁማርተኛ ሆኖ ዘፈነ፤ ድምፁ ጥሩ ነበር። በ1988 በቴነሲ ዊሊያምስ ተውኔት ውስጥ ሰካራሙን ባል ሆኖ ተጫወተ። ጽሑፋችሁ ይህን ሁሉ «በተለያዩ ቴአትሮችም ተሳትፏል» ብሎ አልፎታል።

ተሳትፏል!

እሺ፣ ሌላው ይቅር። በ1989 መጸው የሆነው ግን መዘለል አልነበረበትም። ብሔራዊ ቴአትሩ ሪቻርድ አየር ያዘጋጀውን ሐምሌት ያሳይ ነበር፤ መሪ ተዋናዩ ዳንኤል ዴይ ሉዊስ ነው። በመስከረም አንድ ምሽት ዴይ ሉዊስ ተውኔቱ መሐል ላይ ከመድረክ ወጣ፤ አልተመለሰም። ተጠባባቂው ጄረሚ ኖርተም ተተካና ምሽቱን አዳነው። ከዚያ ግን ቦታውን የተረከበው ቻርልሰን ነው።

ያኔ ቻርልሰን በደሙ ኤች አይ ቪ እንዳለ ካወቀ ሦስት ዓመቱ ነበር። በ1986 ነው የተነገረው። በዚያው ዓመት ነው እኛም አገር የመጀመሪያዎቹ የኤድስ ሕሙማን የተመዘገቡት። በ1989 በሽታው ገፍቶበት ፊቱ አብጧል፣ ዓይኖቹ አካባቢ ያስታውቃል። ሐምሌትን በጸጋዬ ገብረ መድኅን አማርኛ ያነበበ ሰው ምን ዓይነት ሸክም እንደሆነ ያውቃል። ከሼክስፒር ተውኔቶች ረጅሙ ነው፤ ልጁ ሐምሌት ከመድረክ የሚወርድበት ጊዜ የለውም ማለት ይቻላል። ንግግሩ ሁሉ ስለ ሞት ነው። የራስ ቅል በእጁ ይዞ ይቀልዳል። መጨረሻ ላይ ጓደኛው «ልብህ ከፈራ ይቅርብህ» ሲለው፣ ሞት ዛሬ ካልመጣ ነገ ይመጣል፣ ዋናው ተዘጋጅቶ መጠበቅ ነው ይላል። ይህን በየምሽቱ የሚናገረው የራሱን ቀን የሚቆጥር ሰው ነበር። ተመልካቹ በአብዛኛው አያውቅም።

የመጨረሻ ትርኢቱ ኅዳር 13 ነበር። ስምንት ሳምንት አልሞላም፣ ጥር 6 ቀን 1990 አረፈ። በእኛ ታኅሣሥ 28 ቀን 1982 ዓ.ም. ነው፤ የገና ዋዜማ። ከመሞቱ ቀደም ብሎ ተዋናዩ ኢያን ማኬለን የዓመቱ ምርጥ ተዋናይ ተብሎ የተሸለመውን ሐውልት ለቻርልሰን ሰጥቶታል። ሽልማቱ የሚገባው ለዚያ ሐምሌት ነው ብሎ ነው። ተዋናይ ለተዋናይ ሲያደርገው ብዙ ጊዜ የምናየው ነገር አይደለም። በቀጣዩ ዓመት ከ30 ዓመት በታች ላሉና በክላሲክ ተውኔት ለሚጫወቱ ወጣቶች በስሙ ሽልማት ተቋቋመ። ነገርን ነገር ያነሳዋልና፣ አዲስ አበባ የተወለደችው ሩት ነጋ በ2010 በዚያው ብሔራዊ ቴአትር በሐምሌት ውስጥ ኦፊሊያን ተጫውታለች፤ በ2018 ደግሞ ደብሊን ላይ ራሷ ሐምሌት ሆናለች። አንድ ጽሑፍ ብትሠሩላት አይከፋም።

አሁን ወደ ዓረፍተ ነገራችሁ ልመለስ። ቻርልሰን ከመሞቱ በፊት አንድ ነገር ጠይቆ ነበር። ስሞት በኤድስ ሞተ ተብሎ ይነገር፣ አይደበቅ ብሎ። ተነገረ። በብሪታንያ የመድረክና የፊልም ዓለም የአንድ ታዋቂ ሰው ሞት በግልጽ በኤድስ ነው ሲባል የመጀመሪያው የእሱ ነው። ፍሬዲ ሜርኩሪ ሊሞት አንድ ቀን ሲቀረው ከመናገሩ ሁለት ዓመት ገደማ በፊት መሆኑ ነው። ያኔ በሽታውን የሚያቆም መድኃኒት ገና አልተገኘም፤ የታመመን ሰው የጨበጠበትን እጅ የሚታጠብ ብዙ ነበር። ዛሬ ለንደን ሮያል ፍሪ ሆስፒታል ውስጥ የኤች አይ ቪ ሕክምና የሚሰጥበት ክፍል በስሙ ይጠራል። ስሙ በር ላይ የተጻፈው ለዚያች አንዲት ቃል ነው። እናንተ ደግሞ ያቺን ቃል አውጥታችሁ «ባደረበት ሕመም» አስገባችሁበት።

ክፋት እንዳልሆነ ይገባኛል። እጃችን የለመደው ነው። እኔም አድርጌዋለሁ። የአክስቴን ልጅ ስንቀብር የሕይወት ታሪኩን ጽፌ ያነበብኩት እኔ ነኝ። ሠላሳ አራት ዓመቱ ነበር። ዕድሩ፣ ጎረቤቱ፣ መቃብር ቆፋሪው ሳይቀር ያውቃል። ሲታመም ስንቱን ብለናል፤ አልማዝ ባለጭራ ነው፣ ምች ነው፣ ሳንባው ነው። ወረቀቱ ላይ «ባደረበት አጭር ሕመም» ብዬ ጻፍኩ። አጭር! ሁለት ዓመት ተኝቶ። እናቱ በልቅሶው መሐል ቀና ብለው አዩኝ፤ ሌላ ምንም አላሉም። እሱ ምን እንዲባል ይፈልግ እንደነበር አልጠየቅነውም። ምናልባት እሱም ተደብቆ መሄድ ይመርጥ ነበር፣ መብቱ ነው። ቻርልሰን ግን ተናግሯል።

ስለዚህ የምጠይቀው ሁለት እርማት ነው። በሚቀጥለው እትም፣ ፊደሉ ትንሽ ቢሆንም ግድ የለኝም፣ «እንግሊዛዊ» የሚለው «ስኮትላንዳዊ»፣ «ባደረበት ሕመም» የሚለው «በኤድስ» ተብሎ ይታረም። የመርከቡን ነገር ትቼላችኋለሁ።

ከአክብሮት ጋር፣
ጡረተኛ የእንግሊዝኛ መምህር
አዲስ አበባ