ደብዳቤ ለልጄ፦ ቀብዱን ከመክፈልሽ በፊት

ይድረስ ለምወድሽ ልጄ፣

እንደምን ከርመሻል? ባልሽስ? ሚጣዬስ? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ። ጉልበቴም በዚህ ብርድ እንደፈራሁት አልሆነብኝም።

ትናንት ወንድምሽ ደውሎ ለገጣፎ ቤት እንዳገኛችሁ ነገረኝ። የጉርድ ሾላው አከራይ ልጁን ሊድርበት ቤቱን እንደፈለገው አውቃለሁ። ጭንቀታችሁም ይገባኛል። ግን «ሚጣ እዚያው ትምህርት ቤቷ ትቀጥላለች፣ ሰርቪስ አለ» ማለታችሁን ስሰማ እንቅልፍ አጣሁ። ሳሎኑ ሰፊ ነው አለኝ። ግቢ አለው፣ ውኃም አይጠፋም አለኝ። ስለ መንገዱ ግን ምንም አላለኝም። አንድ ነገር ልለምንሽ፤ የልጅቱን መንገድ ራስሽ ሳትሄጂበት ቀብድ እንዳትከፍዪ።

የሰርቪስ ልጆችን እኔ እዚህ የካ አባዶ በየጠዋቱ ከብሎካችን ሥር አያቸዋለሁ። ገና 12 ሰዓት ሳይሞላ ቦርሳቸውን ታቅፈው ቆመው ያንቀላፋሉ። አንዷ ሕፃን የእንጀራ ፍርፍሯን መኪናው ውስጥ ልትበላ በእጇ ይዛ ነው የምትሳፈር። ሩቅ የሚኖር ልጅ ጠዋት ቀድሞ ይጫናል፣ ማታ መጨረሻ ይወርዳል። ባቡሩም ቢሆን አያት ላይ ያልቃል፤ ከዚያ ወዲያ የታክሲ ሰልፍ ነው። ሚጣ ገና 8 ዓመቷ ነው። የቤት ሥራዋን በየትኛው ዓይኗ ትሥራው?

እዚያው ለገጣፎ እናስገባታለን ካላችሁ ደግሞ በደንብ ጠይቁ። ለገጣፎ በ2015 ዓ.ም ሸገር ከተማ ሲመሠረት እዚያ ውስጥ ገብቷል። ትምህርቱ በኦሮሚያ ትምህርት ቢሮ ሥር ነው። የመንግሥት ትምህርት ቤቶቹ በአብዛኛው በአፋን ኦሮሞ ነው የሚያስተምሩት፣ በአማርኛ የሚያስተምሩም አሉ። የ6ኛና የ8ኛ ክፍል ፈተናውንም የሚያወጣው የክልሉ ቢሮ ነው። ቋንቋውን ብትይዘው እኔ ደስታዬ ነው፤ አያትሽም አቀላጥፈው ይናገሩት ነበር። ግን ሁለት ዓመት በአማርኛ የተማረችን ልጅ 3ኛ ክፍል ላይ ሳያዘጋጁ ሒሳብና ሳይንስ በሌላ ቋንቋ ተማሪ ማለት ከባድ ነው። ይህን አስባችሁበት ከሆነ እሺ። ካላሰባችሁበት ግን መንገድ ተሻግሮ ቤት መከራየት ብቻ እንዳይመስላችሁ።

አያትሽን ካነሳሁ አይቀር፣ ይህን ነግሬሽ አላውቅም። በሰፈራችን ከ6ኛ ክፍል በላይ ትምህርት አልነበረም። እኔና የአክስቴ ልጅ ለ7ኛ ክፍል ሰንዳፋ ቤት ተከራይተን መማር ነበረብን። አባቴ ፊደል አልቆጠረም። ግን መስከረም ከመጥባቱ በፊት ብቻውን ሰንዳፋ ወረደ። ርካሽ ክፍል አገኘ። ከዚያ ክፍል ተነስቶ እስከ ትምህርት ቤቱ በር ድረስ በእግሩ ሄደ። መሃል ላይ ወንዝ አለ፤ ሞልቶ አገኘው። ተመልሶ ክፍሉን አልፈልግም አለ። በማግስቱ አንዲት ባልቴት ቤት፣ ቤተ ክርስቲያኑ አጠገብ ሌላ አገኘ። ዋጋው ይበልጣል። ሴትዮዋን የጠየቃቸው አንድ ጥያቄ ብቻ ነው፤ «ማታ በሩን የሚዘጋው ማነው?» አላቸው። «እኔ ነኝ» አሉት። የመጀመሪያውን ኪራይ ለመክፈል ሁለት በግ ሸጠ። በየሳምንቱ ሽሮና ቆሎ ተሸክመን እንመለሳለን። እሱም እስከ ዋናው መንገድ ይሸኘናል። እኔ መምህር ሆኜ ጡረታ የወጣሁት ከዚያች ክፍል ተነስቼ ነው። ይህን ስጽፍ ዓይኔ እንባ ሞላ፤ ይቅር፣ ወደ ነገሬ ልመለስ።

የትምህርት ቤት ስም አያታልልሽ። በ2015 ዓ.ም 12ኛ ክፍል ከተፈተኑት 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.2 በመቶ ብቻ ነበሩ። አንድም ተማሪ ያላሳለፉት ትምህርት ቤቶች ከ1,300 በላይ ናቸው። ስለዚህ አጥሩንና ቀለሙን ተዪው። የሰፈሩን ልጆች ያምናውን ደብተር ለምነሽ እዪ። ባለፈው የጎረቤቴን ልጅ የሒሳብ ደብተር ገለጥኩ። ሰባት ጊዜ ስምንት 54 ተብሎ ተጽፏል። በላዩ ላይ ቀይ ራይት፣ ከሥሩ «ታይቷል»። ወሩን ሙሉ እንደዚያ ነው። ልጁ የሚማረው በወር ብዙ ብር በሚከፈልበት ቦታ ነው። እኔ 40 ዓመት ለሚጠጋ ጊዜ በሻማ ደብተር ያረምኩ ሴት፣ ያን ቀን ምግብ አልወረደልኝም።

እዚህ የእኛ ሰፈር ወዳለው የመንግሥት ትምህርት ቤት ልጆች በእግራቸው ሄደው በእግራቸው ይመለሳሉ። ቁርስና ምሳ እዚያው ይበላሉ፣ ደብተርና ዩኒፎርምም ይሰጣቸዋል። ክፍሉ ይጨናነቃል፣ አልዋሽሽም። ግን መምህራኑ ያርማሉ፤ አይቻለሁ። ከእኛ ብሎክ ቀጥሎ ባለ አንድ መኝታ ሊከራይ ነው። ጠባብ ነው። ሳሎን ጠበበኝ ብሎ የታመመ ልጅ አላውቅም፤ እንቅልፍ ያጣ ልጅ ግን በየዓመቱ ክፍሌ ውስጥ ነበር። አዲስ አበባ ውስጥ በ2016ቱ አዋጅ የኪራይ ውል ከ2 ዓመት አያንስም። ወረዳ ሄዳችሁ አስመዝግቡት፣ አከራዩ በቃል ብቻ ቢላችሁ እሺ አትበሉ።

ባልሽን አትቆጪው። እሱም ለእናንተ ብሎ ነው። ግን ሰርቪሱ ስንት ሰዓት እንደሚያነሳት ራሱ ይጠይቅ፣ ማታስ ስንት ሰዓት ይመልሳታል? ደጋግሜ የምልሽ ለዚህ ነው፤ መንገዱን ሳትሄጂበት ቀብድ እንዳትከፍዪ። አሁን ሐምሌ ነው፣ ትምህርት ዝግ ስለሆነ መንገዱ ይቀላል። ያየሽው ላይ ለመስከረም ጨምሪበት።

የሚጣን የልደት ሰርተፊኬትና የክትባት ካርድ ፈልጊ። የዘንድሮ ሪፖርት ካርዷን ከነማኅተሙ ተቀበዪ። ክፍያ ቀርቶባችሁ ከሆነ አሁኑኑ ጨርሱ፣ አለዚያ መልቀቂያ ይይዙባችኋል። ከወረዳችሁ መሸኛ ማውጣት አትርሺ። የነሐሴ ምዝገባ ሳያልፍ።

እሑድ ማታ እኔ ጋ እደሩ። ቦት ጫማሽን ይዘሽ ነዪ፣ የሚጣንም። ሰኞ 12 ሰዓት ላይ ከዚያ ቤት በር ተነስተን እስከ ትምህርት ቤቱ አብረን እንሄዳለን። ቀብዱን እስከዚያ ቦርሳሽ ውስጥ አቆዪው።

እናትሽ