በርሊን ላይ የራበኝ እንግሊዝኛ ነው

ክቡር አዘጋጅ፣ ጤና ይስጥልኝ። ጋዜጣችሁን የማነበው ከበርሊን ነው፤ በስልኬ፣ አብዛኛውን ጊዜ ከሌሊት ፈረቃ ስወጣ ባቡር ውስጥ። ባለፈው ሰሞን ለትምህርት ወደ ጀርመን ስለሚመጡ ልጆች ያወጣችሁት ጽሑፍ ጥሩ ነበር። አንዲት ነገር ግን አልዋጥልህ አለችኝ። «እንግሊዝኛ ካለህ ይበቃሃል» ይላል። መንገድ ለመጠየቅና ዳቦ ለመግዛት እሺ ይበቃል። ማንበብ ለለመደ ሰው ግን ነገሩ እንደዚያ አይደለም።

እኛ እኮ የምንገርም ሰዎች ነን። አፋችንን በአማርኛ ፈትተን ከ9ኛ ክፍል ጀምሮ ፊዚክሱንም ታሪኩንም በእንግሊዝኛ እንማራለን፤ ከዚያ ቁም ነገር የተባለ ሁሉ በእንግሊዝኛ የተጻፈ ይመስለናል። ልክ ነው አልልም፤ ግን እንደዚያ አድገናል። እኔ ደግሞ ባሰብኝ። ፒያሳ በነበረው የብሪቲሽ ካውንስል ቤተ መጻሕፍት ስንቱን ቅዳሜ ፈጅቻለሁ። ብሔራዊ ቴአትር አካባቢ መሬት ላይ ከሚዘረጉት ሽፋኑ የተገነጠለ ልብ ወለድ ተከራክሬ እገዛና፣ አንብቤ ስጨርስ ለዚያው ሰውዬ በግማሽ ዋጋ መልሼ እሸጥለታለሁ። ስለዚህ ወደዚህ ስመጣ ይናፍቀኛል ብዬ የፈራሁት አማርኛን ነበር። ሻንጣዬን በአማርኛ መጻሕፍት ሞላሁ። ከበርበሬው ጋር ስለታሸጉ ዛሬም ስገልጣቸው ያስነጥሱኛል።

ነገሩ ተገላቢጦሽ ሆነ። አማርኛውን ስልኬ ላይ እንደ ልብ አገኘሁት፤ ዶቼ ቬለ እንኳ በፈረንጅ አቆጣጠር ከ1965 ጀምሮ ከዚሁ ከጀርመን በአማርኛ ያሰራጫል። ያጣሁት እንግሊዝኛውን ነው። ቴሌቪዥን ስከፍት የሆሊውዱ ተዋናይ በጀርመንኛ ያንበለብለዋል። ሲኒማ ቤትም ያው ነው፤ ከፊልሙ ስም አጠገብ እንደ «ኦ ፋው» ያለች፣ በተሠራበት ቋንቋ ነው የምትል ምልክት ከሌለች ድምፁ በጀርመንኛ ተተክቷል ማለት ነው። ይህን ሳላውቅ ሁለት ሰዓት ሙሉ የሰዎች ከንፈር ሳይ አምሽቼ ወጥቻለሁ። ለቴሌቪዥኑና ለሬዲዮው ደግሞ፣ ዕቃው ቤትህ ኖረም አልኖረም፣ በየቤቱ በወር 18 ዩሮ ከ36 ሳንቲም ይከፈላል። ልጆቹ ይችን ወጪ ካሁኑ ያስቧት።

ስልክህ ላይ እንግሊዝኛ ሞልቶ የለም ወይ ትሉኝ ይሆናል። ሞልቷል። ግን ሦስት ገጽ ሳላነብ መልእክት ይገባል፣ እሱን ልይ ስል የአክስቴ ልጅ ሠርግ ቪዲዮ ውስጥ ራሴን አገኘዋለሁ። መጽሐፍ በእጅ ሲያዝ ሌላ ነው።

መጀመሪያ የሄድኩት ባቡር ጣቢያ ነው። እዚህ እሁድ ሱቁ ሁሉ ጥርቅም ሲል የጣቢያው ጋዜጣ መሸጫ ክፍት ነው፤ የውጭ አገር ጋዜጦችም ወደ ጥግ ተደርድረው ይገኛሉ። አንዱ የእንግሊዝኛ ጋዜጣ ከ4 ዩሮ በላይ! ተማሪ ሆኜ በዚያ ብር የሁለት ቀን ፓስታ ነበር የምሸምተው። አንዴ ገዛሁና የሞት ማስታወቂያው ሳይቀረኝ ሳምንት ሙሉ አነበብኩት።

ቀጥሎ ከእንግሊዝ አገር ማዘዝ ጀመርኩ። ይችን በደንብ ስሙኝ። ሁለት ያገለገሉ መጻሕፍት አዘዝኩ፤ ከነመላኪያቸው 30 ዩሮ ገደማ። ከሦስት ሳምንት በኋላ ያመጣልኝ ሰው በሩ ላይ ቆሞ ክፈል አለኝ። ከፍያለሁ እኮ አልኩት። ለካ እንግሊዝ ከአውሮፓ ኅብረት ወጥታለች፤ ከጁላይ 2021 ጀምሮ ደግሞ ከኅብረቱ ውጭ የሚመጣ ዕቃ ርካሽም ቢሆን ታክስ አለበት። ቀድሞ እስከ 22 ዩሮ የሚያወጣው ነፃ ያልፍ ነበር። መጽሐፍ ላይ ታክሱ 7 በመቶ ስለሆነ የኔ ሁለት ዩሮ ከምናምን ነው፤ እሱስ ባልከፋ። ዕቃ አመላላሹ ድርጅት ግን «ታክሱን ቀድሜ ስለከፈልኩልህ» ብሎ 6 ዩሮ ደረበበት። የአገልግሎቱ ክፍያ ከታክሱ ሦስት እጥፍ ሊሆን ምንም አልቀረው! አየርላንድ ኅብረቱ ውስጥ ስለሆነች ከዚያ የተላከ መጽሐፍ እንዲህ ያለ ጣጣ የለበትም። ይህን ያወቅሁት ከከፈልኩ በኋላ ነው።

ሌላም ዘግይቶ የገባኝ አለ። በጀርመን ሕግ አዲስ የጀርመንኛ መጽሐፍ የትም ሱቅ ብትሄድ ዋጋው አንድ ነው። ከውጭ የሚገባውን እንግሊዝኛ ግን ሕጉ በአብዛኛው አይነካውም፤ ያው መጽሐፍ አንዱ ጋ ውድ፣ ሌላው ጋ ርካሽ ሆኖ ይገኛል። መርካቶ በሉት። መከራከር ባይቻልም ዞር ዞር ብሎ ማየት ያዋጣል። ፍሪድሪሽሽትራሰ የሚባለው መንገድ ላይ ያለው ዱስማን የተባለ የመጻሕፍት መደብር ራሱን የቻለ የእንግሊዝኛ መጻሕፍት ክፍል አለው፤ አንድ ጥግ ይዤ ምዕራፍ ሙሉ ሳነብ እስካሁን የተቆጣኝ የለም።

ዋናው ግን ቤተ መጻሕፍት ነው። ሃለሸስ ቶር ባቡር ጣቢያ አጠገብ የአሜሪካ መታሰቢያ ቤተ መጻሕፍት የሚባል አለ። ሶቪየቶች በ1948 እና 49 ምዕራብ በርሊንን ከበው መንገዱን ከዘጉባት በኋላ አሜሪካኖች ለከተማዋ ሕዝብ የሰጡት ስጦታ ነው፤ የተከፈተው በ1954። እኔ ሞኙ አንድ ዓመት ሙሉ በባቡር ሳልፍ ከመስኮት እያየሁት «ይሄ የዜጎች ይሆናል» ብዬ አልገባሁም። ከልጅነቴ ጀምሮ በጥበቃ ስለተፈተሽኩ ይሆን? ስገባ ማንም ምንም አላለኝም። ካርዱ ለአዋቂ በዓመት 10 ዩሮ ነው፤ በአንዱ ካርድ ከከተማዋ የሕዝብ ቤተ መጻሕፍት ሁሉ መዋስ ይቻላል፤ እንግሊዝኛው ደግሞ መደርደሪያ ከመደርደሪያ ነው። በዚያው ካርድ ፕሬስሪደር የሚባል የጋዜጣ መተግበሪያ ውስጥ ሲገባ በሺህ የሚቆጠር ጋዜጣና መጽሔት በነፃ ይከፈታል። ያንን የ4 ዩሮውን ጋዜጣ አስታወስኩና ሆዴ ተቃጠለ። ካርዱን ለማውጣት ሲሄዱ መታወቂያ ወይም ፓስፖርት፣ ከሱ ጋር የመኖሪያ ምዝገባውን ወረቀት፣ አንሜልዱንግ የሚሉትን፣ መያዝ ነው።

አንድ ነገር ልናዘዝ። እንግሊዝኛውን እንዳገኘሁ ተደበቅሁበት። ጀርመንኛዬ በሱ ምክንያት ሁለት ዓመት ወደ ኋላ ቀርቷል ብል አላጋነንኩም፤ የምሠራበት የአረጋውያን ቤት ውስጥ አንዲት እናት ሦስት ጊዜ ውሃ ጠይቀውኝ ሦስት ጊዜ ብርድ ልብስ አምጥቼላቸዋለሁ። አሁን አንድ እንግሊዝኛ ስዋስ ያንኑ መጽሐፍ በጀርመንኛም እወስዳለሁ። ጎን ለጎን። እስካሁን ገጽ 40ን አልፌ አላውቅም፣ እውነቱን ለመናገር።

በነፃ የሚገኘውንማ ረስቼው። ጀርመኖች የማይፈልጉትን ዕቃ ካርቶን ውስጥ ከተው፣ «ጹ ፈርሸንከን» ብለው ጽፈው ደጃፍ ላይ ያስቀምጣሉ። ስጦታ ነው፣ ውሰዱ ማለት ነው። መጀመሪያ አካባቢ ማንሳት አፍሬ አልፌው እሄድ ነበር። ባለፈው ቅዳሜ ግን ቬዲንግ ውስጥ፣ ቤቴ አጠገብ፣ አንዱን አገኘሁ። ካፊያ ጀምሯል። አንድ የቡና ማፍያ፣ ያልተጣመረ የሕፃን ጫማ፣ ከሥር አራት የእንግሊዝኛ ልብ ወለዶች። የላይኛው ዳር ዳሩን ርሶ እንደ እርጥብ እንጀራ ተጣብቋል። ኮቴ ሥር ሸጉጬ ሮጥኩ፤ ማታውን ማሞቂያው ላይ ዘርግቼ አደረቅኋቸው።

ሁለቱን ጨርሻለሁ። እዚህ አሮጌ የስልክ ማነጋገሪያ ሣጥኖችን መደርደሪያ አስገብተውባቸው ሰው መጽሐፍ የሚያኖርባቸውና የሚያነሳባቸው አድርገዋቸዋል፤ የፊታችን እሁድ እዚያ ወስጄ አስቀምጣቸዋለሁ። ከሚመጡት ልጆች አንዱ ካገኛቸው ይውሰዳቸው። ሻይ የፈሰሰበት የኔ ነው፣ ይቅርታ።

ስሜን አቆዩልኝ
ከቬዲንግ፣ በርሊን