ለደንበኞቻችን፦ ማርሚታ ያለ ጓርኒሲዮን መሸጥ ለምን እንዳቆምን

ውድ ደንበኞቻችን፣

ካለፈው ወር ወዲህ በሱቃችን ሁለት ነገር ተቀይሯል። ማርሚታም (የጭሱን ድምፅ የሚያፍነው ዕቃ) ሆነ የጭስ ማውጫ ቱቦ ከነጓርኒሲዮኑ (መገጣጠሚያ መሃል ገብቶ ክፍተት የሚዘጋው ማሸጊያ) እና ከነፋሼታው (ቱቦውን አቅፎ የሚያስረው ማሰሪያ) ካልሆነ ለብቻው አንሸጥም። መኪና ላይ ታስሮ ሞተር የተነሳበት ዕቃም «ይተነፍሳል» (ጭስ ያሾልካል) ተብሎ ቢመጣ፣ የፋብሪካ ብየዳ ችግር ካልሆነ በቀር መልሰን አንቀበልም።

በዚህ የተቆጣችሁ ብዙ ናችሁ። አንዳንዶቻችሁ ፊት ለፊት ነግራችሁኛል፤ እሱን አከብራለሁ። ሌሎቻችሁ ደግሞ ቴሌግራም ላይ «ሰውዬው ድሮ ጨዋ ነበር፣ አሁን አስገድዶ መሸጥ ጀመረ» ብላችሁ ጽፋችኋል። ልጄ ናት ያሳየችኝ። ከሩቅ ሰፈር መጥታችሁ ባዶ እጃችሁን የተመለሳችሁ ይቅርታ አድርጉልኝ። ውሳኔው ግን ይቀጥላል። ምክንያቱን በሱቅ ግርግር መሃል ማስረዳት ስላልቻልኩ ነው ቁጭ ብዬ የጻፍኩላችሁ።

ተመልሶ የሚመጣ ማርሚታ ሁሉ «ኮፒ ሸጣችሁልኝ» ተብሎ ነው የሚመጣው። እኛ አንከራከርም። አፎቹን ደፍነን አየር እየሞላን በርሜል ውሃ ውስጥ እንነክረዋለን። የተከፈተ ብየዳ ካለው አረፋ ያወጣል። ፋብሪካው በደንብ ያልበየደው ሲያጋጥመን ወዲያው እንቀይራለን፤ ይሄ አልተነካም፣ ወደፊትም አይነካም። (አንዳንድ ማርሚታ ሆዱ ሥር ትንሽ ቀዳዳ አለችው። ውሃ ማውጫ ናት። እባካችሁ እሷን አታስበይዱ።) ብዙውን ጊዜ ግን ከበርሜሉ ምንም አይወጣም። ዕቃው ጤነኛ ነው። የተነፈሰው መገጣጠሚያው ነው። ጓርኒሲዮኑስ ስንል መልሱ ሁሌ አንድ ነው፦ «አሮጌውን መለስኩት፣ ገና ደህና ነበር።»

ደህና አልነበረም። ፍላንጅ (ቡሎን የሚታሰርበት የቱቦው ጠፍጣፋ አፍ) መሃል የሚገባው ጓርኒሲዮን፣ በተለይ ያ ወፍራም ቀለበት፣ ክፍተቱን የሚዘጋው ቡሎኑ ሲጠብቅ እየተጨፈለቀ ነው። አንዴ ተጨፍልቆ በሙቀት ከደረቀ ሁለተኛ አይጨፈለቅም። ለዓይን ደህና ቢመስልም ክፍተቱን አይሞላም። ጭሱ ሲያፏጭ ሰው ምን ያደርጋል? ቡሎኑን ጨምሮ ያጠብቃል። ፍላንጁ ይጣመማል፣ ወይ ቡሎኑ ይበጠሳል። ከዚያ ማርሚታው «ኮፒ» ይባላል። ከዘይት ጣሳ ቆርቆሮ ቆርጦ ያስገባም አይቻለሁ። የመስኮት ሲሊኮን የለቀለቀም አለ። የጭስ ማውጫው የፊት ክፍል ሙቀቱ በመቶዎች የሚቆጠር ዲግሪ ነው። የመስኮት ሲሊኮን እዚያ ተቃጥሎ ይረግፋል።

የጓርኒሲዮን ዋጋ ከማርሚታው ጋር ሲተያይ ኢምንት ነው። እኔ በእሱ አልከብርም። እሱን ለመቆጠብ ሲባል ግን የተመለሰ፣ የጠቆረ፣ ማንም ሁለተኛ የማይገዛው ማርሚታ መደርደሪያዬ ላይ ተከምሯል። ያንን ኪሳራ የሚሸከመው እኔና ሱቁ ውስጥ የሚሠሩት ልጆች ነን።

ራሳችሁ ግቢያችሁ ውስጥ የምትገጥሙትን እየከለከልኩ አይደለም። እኔም ሥራውን የለመድኩት ጋራዥ ውስጥ በረዳትነት፣ ካርቶን አንጥፌ መኪና ሥር እየተኛሁ ነው። ባለሙያ ዘንድ ሳይሄዱ ደህና አድርገው የሚያስሩ ደንበኞች አሉን። ምክሬን ከፈለጋችሁ እንዲህ አድርጉ።

የዛገውን ቡሎን ከመፍታታችሁ በፊት በነበረው ማታ የዝገት ማላቀቂያ ርጩበት። በማግስቱ ሞተሩ ፍጹም ቀዝቃዛ ሲሆን ጀምሩ። መኪናው በክሪክ ብቻ ተነስቶ ሥሩ እንዳትገቡ። ክሪክ ይከዳል፤ ጠንካራ መደገፊያ አድርጉለት፣ ጎማውንም በድንጋይ ያዙት። አሮጌው ጓርኒሲዮን ፍላንጁ ላይ ተጣብቆ የሚያስቀረውን ቅሪት በሙሉ ፋቁና በሽቦ ብሩሽ አጽዱ። ብዙ ሰው የሚሰንፈው እዚህ ላይ ነው። ትንሽ ቅርፊት ከቀረች አዲሱ ጓርኒሲዮን እኩል አይቀመጥም፣ በዚያች በኩል ይተነፍሳል።

ከዚያ ምንም ነገር ወዲያው አታጥብቁ። ሙሉውን መስመር ከፊት እስከ ኋላ አልልታችሁ ግጠሙት። ማንጠልጠያ ጎማዎቹ ላይ ስቀሉት። የተበጠሰ ወይም የተለጠጠ ጎማ ካለ ቀይሩት፤ ማርሚታው ወደ ታች ከዘመመ ክብደቱ መገጣጠሚያውን ቀን ከሌት ይጎትተዋል፣ እስኪከፍተውም አይተወውም። ቱቦው ከሻሲውና ከነዳጅ መስመሩ በሁሉም ቦታ ራቅ ማለቱን እዩ። ሲሞቅ ይረዝማል፣ ስትነዱም ይወዛወዛል። ሁሉ ነገር ቦታውን ሲይዝ ከሞተሩ በኩል ጀምራችሁ ወደ ኋላ እያጠበቃችሁ ሂዱ። ፍላንጅ ላይ አንዱን ዳዶ ጨርሶ አጥብቆ ወደ ሌላው መሄድ የለም። ይቺን ትንሽ፣ ያችን ትንሽ እያላችሁ እኩል አምጧቸው። ስፕሪንግ ያለው ቡሎን ከሆነ ስፕሪንጉ ጨርሶ እስኪጨፈለቅ አታጥብቁት፤ እዚያ የተደረገው መገጣጠሚያው እንዲተጣጠፍ ነው።

ቱቦ ውስጥ ቱቦ የሚገባበት መገጣጠሚያ ሌላ ጣጣ አለው። ቢያንስ አራት አምስት ሴንቲሜትር መደራረብ አለበት። ሙቀት የሚችለውን ፓስታ (ማሸጊያ ቅባት) የምትቀቡት በሚገባው ቱቦ ውጭ ላይ ነው፤ በተቀባዩ ውስጥ ከቀባችሁ ተገፍቶ ወደ ውስጥ ይገባል። ፋሼታ ስትመርጡ ሰፊውን፣ ቱቦውን ዙሪያውን የሚያቅፈውን ውሰዱ። ባለ ዩ (U) ቡሎኑ ርካሽ ነው፣ ግን ቱቦውን ይጎደጉደዋል፤ ለሚቀጥለው ጊዜ መፍታት ደግሞ መከራ ነው። ይሄን የምለው ውዱን ልሸጥላችሁ ነው የሚል ካለ፣ ሁለቱም መደርደሪያ ላይ አሉ፣ ምርጫው የእናንተ ነው።

ሞተሩን አስነስታችሁ ቀዝቃዛ ሳለ የጭሱን መውጫ በወፍራም ጨርቅ ለአፍታ አፈን አድርጉትና አዳምጡ። የሚያፏጭ ቦታ ራሱን ያጋልጣል። ጥርጣሬ ካላችሁ መገጣጠሚያው ላይ የሳሙና ውሃ አድርጉ፣ አረፋው ያሳያችኋል። ይሄን ስታደርጉ መኪናው ሜዳ ላይ ይሁን፣ የተዘጋ ጋራዥ ውስጥ በፍጹም። ጥቂት ቀን ከነዳችሁት በኋላ፣ ሲቀዘቅዝ፣ ሁሉንም ዳዶ እንደገና ሞክሯቸው። ብረት ሞቆ ሲቀዘቅዝ ይላላል። የታሰረ ዕለት ዝም ያለው ማርሚታ በሳምንቱ የሚጮኸው ለዚህ ነው።

«ትንሽ ቢተነፍስ ምን አለበት?» የሚሉኝ አሉ። የድምፁን ነገር እንተወው። ቀዳዳው ከኦክስጅን ሴንሰሩ (ጭሱ ውስጥ ያለውን ኦክስጅን ከሚለካው) በፊት ከሆነ ከውጭ አየር ይገባል። ሴንሰሩ ነዳጅ ያነሰ መስሎት ሞተሩ ተጨማሪ ቤንዚን እንዲረጭ ያደርጋል። ነዳጅ በዚህ ዋጋ! ከሁሉ የሚብሰው ግን ካርቦን ሞኖክሳይድ ነው። ቀለም የለውም፣ ሽታ የለውም። ከደማችን ጋር ከኦክስጅን ከ200 እጥፍ በላይ ይጣበቃል። ከወለሉ ሥር ተንፍሶ ወደ ውስጥ ከገባ መስኮት ዘግተው ኋላ ወንበር ላይ የሚተኙት ልጆች ናቸው መጀመሪያ የሚተነፍሱት። እኔ የሸጥኩት ዕቃ ያለ ጓርኒሲዮን ታስሮ ይሄ ቢደርስ «ደንበኛው ነው አልፈልግም ያለው» ብዬ እንቅልፍ አይወስደኝም።

ስለ ዋጋም ተናግራችኋል። ልክ ናችሁ፣ ጨምሯል። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ብሔራዊ ባንክ ምንዛሬውን ለገበያ ከለቀቀ ወዲህ፣ 57 ብር አካባቢ የነበረው ዶላር ከእጥፍ አልፏል። እኔ ዕቃ የማመጣው በብር አይደለም። የሱቅ ኪራዩም እንደዚያው ወጥቷል። በዚያው ዓመት የነዳጅ አውቶሞቢል ወደ አገር ማስገባት ተከልክሏል። ጎረቤቶቼ «አንተማ ተመቸህ፣ አሮጌ መኪና ያለው ሁሉ ወዳንተ ነው» ይሉኛል። እውነት ነው፣ ያለው ዲኤክስና ቪትዝ እየተጠገነ መቆየቱ ነው። ግን የሚጠግነውም ሰው ኪሱ ሳስቷል። ሊቆጥብ የሚሞክረውም መጀመሪያ በጓርኒሲዮኑ ነው። ይገባኛል። እኔም በብዙ ነገር እንደዚያው ነኝ።

ይህን ሱቅ ስከፍት ሦስት መደርደሪያና አንድ ሚዛን ነበረኝ። ሚዛኑ አሮጌ ብረት ገዝቼ የምሸጥበት ነበር። ያኔ የመጡ ሚኒባስ ነጂዎች ዛሬ ልጆቻቸውን ይልካሉ። ገንዘብ ጎድሎባቸው «ማክሰኞ አመጣለሁ» ብለው ዕቃ የወሰዱ፣ ማክሰኞም ያመጡ ብዙ ናቸው። ያልመጡም አሉ፤ አልጠየቅኳቸውም። ሶማሌ ተራ ሄዳችሁ ከእኔ ባነሰ ዋጋ ማግኘት እንደምትችሉ አውቃለሁ፣ የምትሄዱትንም አልቀየምም። እዚህ ስትመጡ ግን ዕቃ ብቻ ሳይሆን ሲተነፍስ የሚያይላችሁ ሰው አብራችሁ እየገዛችሁ እንደነበር አስቡልኝ። «አስገድዶ ይሸጣል» የምትለዋ ቃል ለዚህ ነው የከበደችኝ።

አሠራሩን ትንሽ አለዝበነዋል። ከሌላ ቦታ የገዛችሁት አዲስ ጓርኒሲዮን ካላችሁ ይዛችሁ ኑ። ከቱቦው ጋር ከገጠመ የጓርኒሲዮኑ ዋጋ ይቀነስላችኋል፣ ማርሚታውንም ለብቻው ትወስዳላችሁ። የፍላንጁን ዓይነት ካላወቃችሁት አሮጌውን ፈታችሁ አምጡት፣ ወይም ከሥር ፎቶ አንሱት፤ ልጆቹ ያመሳስሉላችኋል። ገጥማችሁ የሚተነፍስባችሁ ከሆነ ደግሞ ማርሚታውን ፈታችሁ አታምጡብን፣ መኪናውን አምጡት። በር ላይ በሳሙና ውሃ አይተን የቱ ጋ እንደሆነ እናሳያችኋለን። ለማየቱ አናስከፍልም። ቅዳሜ ሰው ስለሚበዛ በሥራ ቀን ጠዋት ብትመጡ ይሻላል።

ከአክብሮት ጋር፣
የሱቁ ባለቤት