የአቃቂን ወንዝ የሚጠብቁ ሰዎች ይመስገኑ

ለዝግጅት ክፍሉ፣

ለታማኝ ግብር ከፋዮች ሜዳሊያ ሲሰጥ በቴሌቪዥን እናያለን። ደግ ነው፣ ይገባቸዋል። እኔ ግን ሌሎች የሚመሰገኑ ሰዎች አሉኝ። በአቃቂ፣ በቃሊቲ፣ በገላንና በሰበታ ወንዝ ዳር የሚኖሩ፣ "የፋብሪካ ፍሳሽ ይቁምልን" እያሉ ከቢሮ ቢሮ የሚንከራተቱ ሰዎች ናቸው። የሚከፍላቸው የለም። ማኅተም ያለው ድርጅትም የላቸውም።

በሰፈራችን ቆሎ ሸጠው የሚያድሩ አንዲት እናት አሉ። ወንዙ መልኩን ሲቀይር በሃይላንድ ይቀዱታል። ፕላስተር ለጥፈው ቀኑንና ሰዓቱን ይጽፉበታል። ብዙውን ጊዜ ከሌሊቱ ስምንት ወይም ዘጠኝ ሰዓት ነው፤ ፍሳሹ የሚለቀቀው ሰው ሲተኛ ነዋ! ከታች ጥቁር ዝቃጭ፣ ከላይ አረፋ ይታያል። ክዳኑ ሲከፈት የተበላሸ እንቁላል ይሸታል።

አንድ ቀን አብሬያቸው ቢሮ ሄድኩ። ኃላፊው ሃይላንዱን እንኳ አልነካም። "የላቦራቶሪ ውጤት ያምጡ" አላቸው። ማስመርመር የማን ሥራ ነው? ቆሎ የሚሸጡ ሴት ገንዘቡን ከየት ያምጡ? "የልማት ጠላት" ያሏቸውም አሉ። ልጃቸው ፋብሪካ ውስጥ ስለሚሠራ "እንጀራውን ሊያስቆርጡበት ነው" ተብለዋል። ይህ ያማል። እሳቸው የሚሉት ግን ፋብሪካው ይዘጋ አይደለም፤ ፍሳሹን አጣርቶ ይልቀቅ ነው።

ደግሞም የወንዝ ዳር ሰው ጉዳይ ብቻ አይደለም። ትልቁም ትንሹም አቃቂ ወንዝ አባ ሳሙኤል ግድብ ይገባሉ፣ ከዚያ ወደ አዋሽ ይወርዳሉ። በዚህ ውኃ ጎመን፣ ቆስጣና ሰላጣ ይለማል። ቦሌም ፒያሳም ያለ ሰው ይበላዋል። ቆዳ ሲለፋ የሚገባው ክሮሚየም የመሳሰለ ከባድ ብረት ቅጠሉ ውስጥ ከገባ ደግሞ፣ በማጠብም በመቀቀልም አይጠፋም።

ሕጉ ከእነዚህ ሰዎች ጋር ነው። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 44 በንጹሕና ጤናማ አካባቢ የመኖር መብት ሰጥቷል። በ1995 ዓ.ም. የወጣው የአካባቢ ብክለት ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 300ም ማንኛውም ሰው፣ እኔ ተጎዳሁ ብሎ ማስረዳት ሳይጠበቅበት፣ አቤት ማለት ይችላል ይላል። በ30 ቀን ውስጥ ውሳኔ ካልተሰጠው ፍርድ ቤት መሄድ ይችላል። ይህን ስንቱ ኃላፊ ያውቀዋል?

ኬንያዊቷ ፊሊስ ኦሚዶ ሞምባሳ ውስጥ አሮጌ ባትሪ በሚያቀልጥ ፋብሪካ ተቀጥራ ትሠራ ነበር። ሕፃን ልጇ በእርሳስ ብረት ተመርዞ ታመመ። ጎረቤቶቿን አስተባብራ ታገለች፣ ታሰረችም። በመጨረሻ ፋብሪካው ተዘጋ። እ.ኤ.አ. በ2015 የጎልድማን የአካባቢ ጥበቃ ሽልማት ተሰጣት። እኛስ የራሳችንን ሰዎች ለማክበር የውጭ አገር ሽልማት እስኪመጣ እንጠብቅ?

ከተማ አስተዳደሩ በየዓመቱ መድረክ አዘጋጅቶ ያመስግናቸው። እናንተም ገጽ ስጧቸው፤ ፈቃደኛ ከሆኑ በስማቸው፣ ከፈሩ ያለ ስም። ከሁሉ በፊት ግን አቤቱታቸው በ30 ቀን ውስጥ በጽሑፍ፣ ማኅተም ያለው መልስ ያግኝ። ናሙናውንም ባለሙያ በሌሊት መጥቶ ይውሰድ።

አክባሪ አንባቢያችሁ
ከአቃቂ ቃሊቲ