ለደቅ ጀልባችን የድጋፍ ጥሪ፦ ፋይበሩ ደህና ነው፣ የበሰበሰው እንጨቱ ነው

ሰላም ለደቅ ልጆች፣ ለደቅ ወዳጆችም ሁሉ።

የእድራችን ሞተር ጀልባ ከጣና ወጥታ ባሕር ዳር ሐይቁ ዳር በድጋፍ እንጨት ቆማለች። ሞተሩ ወርዷል፣ ወለሉም ተነሥቷል። ከውስጥ የበሰበሰውን እንጨቷን አውጥተን በአዲስ ልንተካ ነው፤ ለዚህም የእናንተ እጅ ያስፈልገናል። ጽሑፉ ረዘም ይላል። ግን ገንዘብ የተጠየቀ ሰው ዝርዝሩን የመስማት መብት አለው ብለን ነው።

ደቅን ለማታውቁ፦ በጣና ካሉት ደሴቶች ትልቁ ነው። ገበሬው፣ ዓሣ አጥማጁ፣ ካህኑ፣ ተማሪው አብሮ ይኖርበታል። እቴጌ ምንትዋብ በ18ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ያሠሯት ናርጋ ሥላሴ እዚያው ናት። የዳጋ እስጢፋኖስ ገዳም ጎረቤታችን ነው። ድልድይ የለንም፤ መውጫውም መግቢያውም ውኃ ነው። የሕዝብ ጀልባ በቀኑ ይመጣል፣ ምጥ ግን ቀን አይጠብቅም። እባብ የነደፈው ልጅም፣ ደም የሚፈሳት እናትም እንደዚያው። የእድሩ ጀልባ የተገዛችው ለዚህ ነበር። በሞተር ባሕር ዳር ለመድረስ ሁለት ሦስት ሰዓት ይፈጃል። ያለ ሞተር የቀረው አማራጭ የደንገል ታንኳ ነው። በታንኳ የሚሻገር ሰው ደግሞ ጎሕ ሲቀድ ይነሣል፣ ምክንያቱም ከሰዓት በኋላ ጣና ላይ ነፋሱ ይነሣና ማዕበሉ አያስኬድም። በሽተኛ ጭኖ ያንን መጋፈጥ ምን ማለት እንደሆነ የደሴት ሰው ያውቀዋል።

አሁን ወደ ጀልባዋ። ርዝመቷ 7 ሜትር ገደማ ነው፣ ባለ 40 ፈረስ ጉልበት ሞተር ትይዛለች። ከውጭ ስታዩአት ቀለሟ ከመልቀቁ በቀር ምንም አልሆነችም። ብዙ ሰው «ፋይበር አይበሰብስም አይደል እንዴ?» ይለናል። እውነት ነው፣ ፋይበሩ አይበሰብስም። ነገር ግን እንዲህ ያሉ የቆዩ ጀልባዎች ፋይበር ብቻ አይደሉም። ፋይበሩ ቆዳ ነው፣ አጥንቱ እንጨት ነው። ከወለሉ ሥር ከፊት እስከ ኋላ የተዘረጉ ወራጆች አሉ። ወለሉ ራሱ ኮምፔንሳቶ ነው። ሞተሩ የሚንጠለጠልበት የኋላ ግድግዳም በሁለት የፋይበር ሽፋን መካከል የተጣበቀ ወፍራም ኮምፔንሳቶ ነው። ሁሉም በፋይበር ተጠቅልሎ ስለተዘጋ ከላይ አይታይም።

ጉዳቱ የሚጀምረው ከትንሽ ቀዳዳ ነው። ሞተሩን የያዘው ብሎን፣ መቀመጫውን የያዘው ቪቴ፣ የውኃ ማፍሰሻው ቀዳዳ፤ ዙሪያቸው በደንብ ካልታሸገ ውኃ ጠብ ጠብ እያለ ይገባል። የገባው ውኃ መውጫ የለውም። እንጨቱ ታፍኖ እንደረጠበ ይኖራል፣ ፈንገሱም ቀስ እያለ ይበላዋል። የጣና ውኃ ጨው የሌለው መሆኑም ነገሩን ያባብሰዋል። ጨው ፈንገስን ትንሽ ያግደዋል፤ ስለዚህ ባሕር ላይ ያለ ጀልባ እንጨቱ የተሻለ ዕድሜ አለው። እዚህ ላይ ታንኳ ሠሪዎቻችንን ሳላነሣ አላልፍም። ደንገሉ ውኃ እንደሚጠጣ ስለሚያውቁ ታንኳቸውን ሥራ ሲያበቁ ጎትተው አውጥተው ያደርቋታል። የእኛ ጀልባ ግን ዓመት ከዓመት ውኃ ላይ ታስራ ነበር የምታድረው።

መካኒኩ የሞተሩን እግር ይዞ ወደ ላይና ወደ ታች ሲያንቀሳቅሰው የኋላ ግድግዳው አብሮት ተንቀሳቀሰ። ከዚያ ወራጆቹን በመዶሻ እጀታ መታ መታ አደረጋቸው። ደህና እንጨት ጠንከር ያለ ድምፅ ይሰጣል፣ የበሰበሰው ድፍን ያለ ድምፅ ነው ያለው። በመጨረሻ በትራፓኖ ትንሽ ትንሽ ቀዳዳ በሳ። የወጣው ፍርፋሪ ጥቁርና እርጥብ ነበር፣ በጣት ሲጨመቅ ውኃ ይወጣዋል። ወለሉን ስናነሣ ደግሞ ሥሩ የተሞላው ፎም ውኃ ጠጥቶ አገኘነው። ያ ፎም ጀልባዋ ብትገለበጥ እንዳትሰጥም ተብሎ የገባ ነበር። አሁን ሸክም ሆኗል።

ሸክሙ ለእኛ ከሌላው የበለጠ ይከብዳል። ጣና ወደ 1,800 ሜትር ከፍታ ላይ ነው። በዚህ ከፍታ አየሩ ስለሚሳሳ ሞተር ከመቶ 15 እስከ 20 የሚሆነውን ጉልበቱን ያጣል። 40 ፈረስ ብለን የገዛነው 40 ሆኖ አይሠራም። በዚያ ላይ ውኃ የጠጣ እንጨትና ፎም ሲጨመርበት ነዳጁ ይበላል፣ መንገዱ ይረዝማል። ከሁሉ የሚያስፈራው ግን የኋላው ግድግዳ ነው። ከ70 ኪሎ በላይ የሆነ ሞተር እዚያ ላይ ተንጠልጥሎ ጀልባዋን ይገፋል። ሐይቁ መሀል ግድግዳው ቢገነጠል ሞተሩ ይሄዳል፣ ውኃው በዚያው ይገባል። ስለዚህ ጀልባዋን ከሥራ ማውጣት የሚያከራክር ነገር አልነበረም።

ከዚህ በፊት ተጠግና ነበር፤ የምታስታውሱ ታስታውሳላችሁ። የያኔው ሠራተኛ እርጥቡን እንጨት ሳያወጣ ከላይ አዲስ ፋይበር ደረበበት፣ ቀለም ቀባበት፣ አበቃ። ስትመለስ አምሮባት ነበር። ግን ሬዚን፣ ማለትም ፋይበሩን የሚያጣብቀው ፈሳሽ፣ እርጥብ እንጨት ላይ አይጣበቅም። የተደረበው ተነሥቶ እንደ ንጣፍ በእጅ ሲላቀቅ አየነው። በዚያ ዓይነት ጥገና ሁለተኛ ገንዘብ አናወጣም፤ የእናንተንማ በፍጹም።

«አዲስ ለምን አትገዙም?» ያላችሁን አስበንበታል። የብሩ ምንዛሪ በሐምሌ 2016 ለገበያ ከተለቀቀ ወዲህ ከውጭ የሚገባ ነገር ዋጋው አይቀመስም። የጀልባዋ የውጭ አካል ደግሞ ጤነኛ ነው፣ አልተሰነጠቀም። እሱን ጥሎ አዲስ መግዛት ለእኛ ቅንጦት ነው። «በአገር እንጨት ሥሩት» ያሉም አሉ። ባሕር ዛፍ ሞልቶናል፤ ግን ከባድ ነው፣ ሲደርቅም ይሰነጠቃል። ዋንዛ ይሆን ነበር፤ ለጀልባ ብለን ዋንዛ ግን አንቆርጥም። ለቤት ዕቃ የሚሸጠው ተራ ኮምፔንሳቶም አያዋጣም፣ ኮላው ውኃ ሲነካው ይላቀቃል። የሚያስፈልገን ውኃ በሚችል ኮላ የተጣበቀው ዓይነት ነው።

ሥራው እንዲህ ነው የሚሄደው። መጀመሪያ ጀልባዋ በቅርጿ ልክ በተሠራ ማቀፊያ ላይ ትቀመጣለች። ይህን ብዙ ሰው ይዘለዋል። ወራጆቹ ከወጡ በኋላ ቅርጹን የሚይዘው ነገር የለም። ያለ ማቀፊያ ከተተወች ትጣመማለች፣ በተጣመመችበት አዲሱ እንጨት ከገባ ደግሞ ዕድሜ ልኳን ወደ አንድ ጎን ትሄዳለች። ከዚያ የውስጡ ሽፋን በግራይንደር ይቆረጣል፣ የበሰበሰው በሙሉ ይወጣል፣ የውጩ ፋይበር ሳይነካ ይቀራል። ቀጥሎ ማድረቅ ነው። ማድረቅ ላይ አንቸኩልም። አሮጌው ፋይበር ቀለምና ቅባት እስኪለቅ በግራይንደር ይፋቃል፣ ካልሆነ አዲሱ አይይዝም።

የኋላው ግድግዳ ባለ 18 ሚሊ ሜትር ኮምፔንሳቶ ድርብ ሆኖ ተጣብቆ፣ በሞርሳ ተይዞ ይደርቃል። ወራጆቹ ተተክለው ጥጋቸው ላይ ሬዚን ከማወፈሪያ ዱቄት ጋር ተለውሶ ክብ ተደርጎ ይሞላል። ፋይበር ቀጥ ባለ ጥግ ላይ መታጠፍ አይወድም፣ ሥሩ አየር ይቀራል፤ አየር ከቀረ ነገ ውኃ ይገባበታል። ከዚያ ፋይበሩ በየንብርብሩ ይለበሳል። በወራጆቹ ላይ ውኃ የሚተላለፍባቸው ቀዳዳዎች ይኖራሉ፣ የቀዳዳዎቹም ከንፈር በሬዚን ይታሸጋል። ለብሎን የሚበሳው ሁሉ ሰፋ ተደርጎ ተበስቶ፣ በሬዚን ተሞልቶ፣ መሀሉ እንደገና ይበሳል። እንዲህ ሲሆን ብሎኑ እንጨት አይነካም።

ሬዚኑ ፖሊስተር የተባለው ርካሹ ዓይነት ነው። ኢፖክሲ የተባለው ሬዚን ለምን አልሆነም ያላችሁ አላችሁ። ከአሮጌ ፋይበርም ከእንጨትም ጋር የተሻለ እንደሚይዝ አይካድም። ዋጋው ግን የፖሊስተሩን ብዙ እጥፍ ነው፣ እዚህም እንደልብ አይገኝም። ጀልባዋ ስትሠራም በፖሊስተር ነው የተሠራችው። ገጹ በደንብ ከተፋቀና ከደረቀ ይበቃናል። ሃርድነሩን፣ ማለትም ሬዚኑን የሚያጠነክረውን፣ በሚዛን ነው የምንጨምረው፤ ከበዛ ሬዚኑ ግሎ ይሰነጠቃል፣ ካነሰ አይደርቅም። ባለሙያው ባሕር ዳር የፋይበር ሥራ የሚሠራ ሰው ነው። ከደሴቱ ሁለት ወጣቶች አብረውት ውለው እንዲማሩ ተስማምተናል። ለቀጣዩ ጥገና የሰው ደጅ አንጠናም።

የሚያስፈልገን ይህ ነው። ውኃ የሚችል ኮምፔንሳቶ 8፣ አምስቱ ባለ 18፣ ሦስቱ ባለ 12 ሚሊ ሜትር። የፖሊስተር ሬዚን ከነሃርድነሩ 80 ኪሎ። የፋይበር ምንጣፍ 35 ኪሎ ያህል። አዲስ ፎም፣ የማይዝግ ብሎን፣ የብርጭቆ ወረቀት፣ የግራይንደር ዲስክ፣ ቀለም። በላዩም የባለሙያው ክፍያ። በብር ያልጻፍነው ዋጋው በየሳምንቱ ስለሚለዋወጥ ነው። ዕቃ ከመግዛታችን በፊት ከሦስት ሱቅ ዋጋ ተጠይቆ በእድሩ የቴሌግራም ገጽ ላይ ይለጠፋል፣ ከተገዛ በኋላ ደረሰኙም ይለጠፋል። አንድ ኮምፔንሳቶ ወይም አምስት ኪሎ ሬዚን እችላለሁ ያለ እሱኑ ይናገር፣ በስሙ እንይዘዋለን። ገንዘቡ የሚገባው በእድሩ የባንክ ሒሳብ ብቻ ነው። የሦስት ሰው ፊርማ ካልተሟላ አይወጣም። በግል ስልክ «ለጀልባዋ ላኩልኝ» የሚላችሁ ሰው ከመጣ አትስጡ፣ ለእኛም ንገሩን።

ውጭ ላላችሁ አንድ ነገር፦ ሬዚን በሻንጣ ይዛችሁ እንዳትመጡ። ተቀጣጣይ ስለሆነ አውሮፕላን አይፈቅድም፣ ኤርፖርት ላይ ይወሰድባችኋል። የሚጠቅመን ለሬዚን ሽታና ለአቧራ የሚሆን ባለማጣሪያ ማስክ ነው፣ መለዋወጫ ማጣሪያውም ጭምር። የፋይበር አቧራ ለሳንባ ክፉ ነው፤ ልጆቻችንን አፋቸውን በነጠላ አስረው አናሠራቸውም። ላይፍ ጃኬትም እንፈልጋለን፣ በተለይ የሕፃናት። በጋዝ የሚነፋውን ትታችሁ ፎም ያለውን ግዙ።

ጊዜው ጠባብ ነው። ሬዚን ርጥበት አይወድም፣ ስለዚህ ሥራው በበጋ መጠናቀቅ አለበት። ከጥምቀት በኋላ ጀምረን ግንቦት ሳያልቅ ውኃ ላይ ልናወርዳት አቅደናል። ሰኔ ከገባ ባሕር ዳር ይዘንባል፣ እኛም እስከ ጥቅምት ቆመን ልንቀር ነው። ክረምት ደግሞ ጀልባ የሚያስፈልግበት ዋናው ወቅት ነው።

ስትመለስ በጥር 7 እና በሐምሌ 7 የናርጋ ሥላሴን ምእመናን ታመላልሳለች። ከዚያ የሚገኘው ገቢ ለነዳጅና ለጥገና ይቀመጣል። ሥራ በማይኖርባት ቀን ከውኃ የሚያወጣት ጋሪም እናሠራለን። ከመዋጮው የሚተርፍ ካለ ለጋሪው ይውላል፤ ካልተረፈ ጋሪውን ራሳችን እናዋጣለን።

ባሕር ዳር ያላችሁ ቅዳሜ ቅዳሜ ጠዋት በጉልበት እርዱን። የመፋቅና የማጽዳት ሥራው ብዙ ነው። ፋይበር ያሳክካልና እጅጌው ረጅም የሆነ፣ የማትሳሱለት ልብስ ለብሳችሁ ኑ። ቡናው በእኛ ነው።