«ሁሉም ውሸታም ናቸው» ላልሽኝ ልጄ

ሰላም ነሽ ልጄ?

ባለፈው «አባዬ፣ ዘንድሮ አልመርጥም፣ ሁሉም ውሸታም ናቸው» ብለሽ ስልኩን ዘጋሽው። ንዴትሽ ከየት እንደመጣ አውቃለሁ፣ የትምህርት ብድርሽ፣ የሎንሽ ነገር ነው። በስልክ ከሆነ እንጨቃጨቃለን እንጂ አንደማመጥም። ስለዚህ ልጻፍልሽ።

ከሎኑ ልጀምር። ባይደን በ2020 ሲወዳደር ለእያንዳንዱ ተበዳሪ ቢያንስ 10,000 ዶላር እንዲሰረዝ እፈልጋለሁ አለ። ኦገስት 2022 ላይ ፕላኑ ወጣ። ዓመታዊ ገቢው ከ125,000 ዶላር በታች ለሆነ ሰው 10,000፣ ፔል ግራንት (መንግሥት ገቢያቸው ዝቅተኛ ለሆነ ተማሪዎች የሚሰጠውን ድጎማ) ለወሰደ ደግሞ እስከ 20,000። ፎርሙን ሞልተሽ ስትጠብቂ ጁን 30፣ 2023 ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ 6 ለ3 በሆነ ድምፅ ውድቅ አደረገው። ባይደን የተደገፈው በ2003 በወጣ ሕግ ነበር። ዳኞቹ ያ ሕግ ይሄን ሁሉ ብድር ለመሰረዝ አይበቃም፣ ኮንግረስ ይፍቀድልህ አሉት።

ይሄ እንግዲህ ውሸት ነው? እኔ ውሸት አልለውም፤ ግን ንጹሕም አይደለም። የራሱ ፓርቲ ሰው፣ ያኔ የተወካዮች ምክር ቤት አፈ ጉባኤ የነበረችው ናንሲ ፔሎሲ ገና በ2021 ፕሬዝዳንቱ በራሱ ብድር የመሰረዝ ሥልጣን የለውም ብላ በአደባባይ ተናግራለች። ባይደን ይሄን ሳይሰማ አልቀረም። በዚህ ብትናደጂ አልፈርድብሽም። ነገር ግን ሌላውን ግማሽም እዪው፦ በትምህርት መሥሪያ ቤቱ እጅ በነበሩት ነባር ፕሮግራሞች፣ ለምሳሌ ለመንግሥትና ለበጎ አድራጎት ድርጅት ሠራተኞች በነበረው በኩል፣ ሥልጣን እስኪለቅ ድረስ ከ5 ሚሊዮን በላይ ሰዎች ብድራቸው ተሰርዞላቸዋል። ሥልጣኑ በእጁ በነበረበት ሄደለት፣ በሌለበት ቆመ።

የእድራችንን ሰብሳቢ አስቢው። «ብትመርጡኝ አዲስ ድንኳን እገዛለሁ» ይላል፣ ሁሉም ያጨበጭባል። ገንዘቡ ግን ያለው ገንዘብ ያዡ ጋ ነው፣ ወጪውን የሚያጸድቀው ደግሞ ጉባኤው። ፕሬዝዳንትም ከዚህ ብዙ አይርቅም።

ኦባማ ኩባ ያለውን የአሜሪካ እስር ቤት ጓንታናሞን በአንድ ዓመት ውስጥ እዘጋለሁ ብሎ ጃንዋሪ 22፣ 2009 ፈረመ፣ ሥልጣን በያዘ በሁለተኛው ቀን ማለት ነው። በሜይ ሴኔቱ ለመዝጊያ የሚሆን ገንዘብ አንሰጥም ብሎ 90 ለ6 ድምፅ ሰጠ። ልብ በይ፣ ያኔ ሴኔቱ በራሱ በዲሞክራቶች እጅ ነበር! እስረኛ ወደ እኔ ግዛት መጣ ተብሎ በቀጣዩ ምርጫ መሸነፍ የፈለገ ሴናተር አልነበረም። ኦባማ ከስምንት ዓመት በኋላ ሲወጣ 41 እስረኞች ነበሩ፣ እስር ቤቱም እንዳለ ነው።

ሌላ ዓይነትም አለ። ትልቁ ቡሽ በ1988 «ከንፈሬን አንብቡ፣ አዲስ ግብር የለም» አለ። በ1990 የበጀት ጉድለቱ አላፈናፍን ሲለው በዲሞክራቶች ከተያዘው ኮንግረስ ጋር ተደራድሮ ግብር ጨመረ። ይሄን ማንም አላስገደደውም ማለት ይቻላል፣ ኮንግረስ ያወጣውን ሕግ የመሻር ሥልጣን ነበረው። ለሀገሪቱ ሒሳብ ግን ትክክል ነበር የሚሉ ብዙ ናቸው፣ እኔም ከእነሱ ጋር ነኝ። የአፍ ወለምታ በቅቤ አይታሽም እንደሚባለው፣ ያቺ ንግግር በ1992 ምርጫ ከየቴሌቪዥኑ እየወጣች አሳደደችውና በክሊንተን ተሸነፈ። አንዳንዴ ችግሩ የቃሉ መታጠፍ ሳይሆን መጀመሪያውኑ መሰጠቱ ነው።

አሁን የማትወጂውን ምሳሌ ላንሳ። ትራምፕ በ2016 ለጠቅላይ ፍርድ ቤት የማጫቸውን ዳኞች ዝርዝር ይኸው ብሎ በስም አወጣ። ከዚያ ከዝርዝሩ ጎርሰች፣ በ2017 ዝርዝሩ ላይ ከተጨመሩት ደግሞ ካቫናውና ባሬት ገቡ፤ በ2022 ፍርድ ቤቱ የውርጃ መብትን የሰጠውን የቀድሞ ውሳኔውን ሻረ። ለምን ተሳካለት? ማጨት የእሱ ሥልጣን ነው፣ ሴኔቱ በፓርቲው እጅ ነበር፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ የመረጡት ወግ አጥባቂ ክርስቲያኖች ዝርዝሩን ይዘው እየተከታተሉት ነበር። ይሄው ሰው የኦባማን የጤና መድን ሕግ፣ ኦባማኬርን እሽራለሁ ብሎ ግን በ2017 አልሆነለትም። የራሱ ፓርቲ ሴናተር ማኬይን ሌሊት ላይ ሴኔት ገብቶ አውራ ጣቱን ወደታች አደረገ፣ 51 ለ49 ወደቀ። ሜክሲኮ ትከፍልበታለች ስለተባለው አጥርማ አላወራም፣ የሌላ ሀገር ካዝና ማን ሰጥቶት።

ፖለቲከኛ ቃሉን የሚጠብቀው ጨዋ ስለሆነ ብቻ አይመስለኝም። ቃሉን ያስታወሰ ሰው በድምፁ እንደሚቀጣው ሲያውቅ ነው። እኛ ሀገር ኢትዮጵያ በ2007 ዓ.ም. (በፈረንጅ 2015) ምርጫ ያኔ ገዢ የነበረው ኢሕአዴግና አጋሮቹ 547ቱንም የፓርላማ ወንበር ወሰዱ። በምርጫው ዋዜማ የተባለውን ሁሉ በኋላ ፓርላማ ውስጥ ቆሞ «የት ደረሰ?» የሚል አንድ ተቃዋሚ አልነበረም። አንቺ የተወለድሽው እዚህ አሜሪካ ስለሆነ ያ ምን እንደሚመስል አታውቂውም፣ እንዳታውቂውም ነው የመጣነው። ስለዚህ «አልመርጥም» ስትይኝ የምበሳጨው ለዚህ ነው፤ ካልመረጥሽ ማን ፈርቶሽ ነው ቃሉን የሚጠብቅልሽ?

ባለፈው ፎቶ አንስተሽ የላክሽልኝ የካውንቲው ተወዳዳሪ «የቤት ኪራይ አወርዳለሁ» ይላል። ኢሜይሉ ወረቀቱ ሥር አለ። ጻፊለትና ጠይቂው፦ በየትኛው ሥልጣንህ? ምክር ቤቱ ውስጥ ስንት ሰው አብሮህ ይቆማል? ባለቤቶቹ ፍርድ ቤት ቢሄዱስ? «በመጀመሪያዋ ቀን» የሚል መልስ ከሰጠሽ እለፊው። ረጋ ብሎ ይሄን እችላለሁ፣ ያንን ግን ብቻዬን አልችልም ካለሽ ለእኔም ስሙን ላኪልኝ።

አዲሱን አድራሻሽን ደግሞ ምርጫ ቦርዱ ጋ ማስቀየር እንዳትረሺ፣ የድሮው ላይ ነው ያለሽው። እናትሽ በርበሬና ሽሮ አዘጋጅታልሻለች፣ ቅዳሜ መጥተሽ ውሰጂ።

አባትሽ